ከሞንታርቦው ጩኸት እስከ መዝገብ ቤቱ ማህተም፦ ለጅማ ነዋሪ የምርጫ መመሪያ

እኛ ሰፈር አንድ ዲች አለ። ከአስፋልቱ ተነስቶ፣ በሃያ ምናምን ቤቶች ደጃፍ አልፎ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርድ። ክረምት ሲገባ የሃይላንድ ጠርሙሱ፣ የጫት ገረባው፣ ያረጀ ጫማው ሁሉ እየተጠራቀመ አፉን ይደፍነዋል። ከዚያ ውሃው መንገድ ይቀይርና በቀጥታ ሳሎን ይገባል። አንድ ሌሊት ጎረቤታችን እትዬ ረከቦታቸው ከነስኒው ሲንሳፈፍ አግኝተውታል። ዛሬ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ያን ሌሊት ግን የሳቀ አልነበረም።

ይህ ዲች ብዙ ቃል ተገብቶለታል። ሞንታርቦ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር «ይሠራል» ይባላል። መኪናው ይሄዳል፣ ዲቹ ይቀራል።

ለብዙዎቻችን ምርጫ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ተሰልፎ፣ ጣትን ቀለም ተቀብቶ፣ ቤት መግባት። እኔን ዲቹ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። አንዲት ትንሽ ጉዳይ ይዞ ከምዝገባው እስከ በጀቱ፣ ከበጀቱ እስከ መዝገብ ቤቱ የሚከተል ሰው ከሌለ ድምፁ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ዲቹን እየተከተልኩ ነው። እናንተ በዲቹ ቦታ የራሳችሁን ጉዳይ ተኩ። የመንገድ መብራት ይሁን፣ ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን ይሁን፣ ጅምር ኮብልስቶን ይሁን።

1. አንድ ጉዳይ ያዙ፣ የማን ሥራ እንደሆነም ለዩ

«ልማት እንፈልጋለን» ጥያቄ አይደለም። እጩው «እኔም እፈልጋለሁ» ብሎ ይገላገላችኋል። «ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ዲች መቼ ይሠራል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ካላችሁ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ጥያቄው የሚቀርብለትን ሰው ለዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። በጠቅላላ ምርጫ ጅማ ላይ የሚሰጠን ሁለት ዓይነት የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለጨፌ ኦሮሚያ። የመጀመሪያው 547 መቀመጫ ያለው የአገሪቱ ምክር ቤት ነው፤ የፌዴራል ሕግና የፌዴራል በጀት ያወጣል። ዲች አይጠርግም። ጨፌው የክልሉን ሕግና በጀት ያጸድቃል። ለከተሞች ከክልል የሚመጣው ድጎማ የሚያልፈውም በዚያ ነው። ዲቹ ግን የከተማው ነው። መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራ፣ እነዚህ ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት ይባላሉ። በጀታቸውን የሚያጸድቀው የከተማው ምክር ቤት ነው።

ታዲያ የከተማውን ምክር ቤት መቼ ነው የምንመርጠው? ጥሩ ጥያቄ ነው። በአገር ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በሰኔ 2013 በተደረገው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የከተማ ምክር ቤታቸውን የመረጡት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ የጅማ ልጅ ዛሬ ራሱ መራጭ ለመሆን ደርሷል ማለት ነው።

ይህን የነገርኳችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። ለከተማው ምክር ቤት ካርድ የምንጥልበት ቀን እንዲህ ከራቀ፣ በቀሪው ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱን የምንይዝበት ሌላ መንገድ ያስፈልገናል። እሱ ከተራ ቁጥር 7 ጀምሮ አለላችሁ። የጨፌና የፓርላማ እጩም ቢሆን ዲቹን ባይሠራ፣ ለከተማው ስለሚመጣው ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል።

2. ምዝገባ፦ ምርጫው የሚያመልጠው እዚህ ነው

ካልተመዘገባችሁ በምርጫው ቀን የትም አትገቡም። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የኔን ልናገር። አንድ ጊዜ ምዝገባው ሲጀመር «ገና ነው» አልኩ። ሊጠናቀቅ ሦስት ቀን ሲቀረው መታወቂያዬን ሳወጣ ለካ ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ ወደሚመለከተው ቢሮ ሮጥኩ። የመጀመሪያ ቀን ኔትወርክ የለም። ሁለተኛው ቀን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ቀን ወረፋው እኔ ጋ ሳይደርስ በሩ ተዘጋ። ቢሮውን ልወቅስ ፈለግኩ። ግን ሁለት ወር ሙሉ የት ነበርኩ? በምርጫው ቀን ጎረቤቶቼ የተቀባ አውራ ጣታቸውን እያሳዩ ሲያልፉ እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ጠጣሁ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። መታወቂያችሁን ዛሬውኑ አውጡና ቀኑን እዩ። ካለፈ አሁን አሳድሱ፤ የምርጫ ወሬ ሳይጀመር ቢሮው ባዶ ነው። ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 የሚለው ይህንን ነው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ስለተነካካ፣ ምርጫ ቦርድ የጊዜ ሰሌዳ ሲያወጣ አብሮ የሚወጣውን መመሪያ ማየት አይከፋም። የመመዝገቢያ ዘዴውም ከምርጫ ምርጫ ይሻሻላል።

የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው በፓስፖርት ወይም በመንጃ ፈቃድ መመዝገብ ይችላል። ምንም ሰነድ ለሌለውም በአካባቢው በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በተለይ ከገጠር መጥተው ቤት ውስጥ የሚሠሩ ልጆችና ዘበኞች «እኔ መታወቂያ የለኝም» ብለው ይቀራሉ።

ስትመዘገቡ ካርዳችሁ ላይ ስማችሁን በደንብ አንብቡ። የአባት ስም ተሳስቶ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ አስተካክሉ። ምዝገባው ሲያልቅ መዝገቡ ለሕዝብ እይታ ይፋ ይሆናል። አንድ ቀን ጎራ ብላችሁ ስማችሁን ፈልጉ። የሞተ ሰው ወይም ሰፈር የለቀቀ ሰው ስም ካያችሁም ለጣቢያው ንገሩ። ሐሜት አይደለም፤ መዝገቡ የሚወጣው ለዚሁ ነው።

3. ሃያ ቤት

ሰፈር ሙሉ እቀሰቅሳለሁ አትበሉ። ሃያ ቤት ይበቃል። ደብተር ግዙና በየቤቱ ስንት 18 ዓመት የሞላው ሰው እንዳለ ጻፉ። ከጎኑ ሁለት ነገር ብቻ፦ መታወቂያ አለው? ተመዝግቧል? ለማን እንደሚመርጥ አትጻፉ። አትጠይቁም።

እኛ ይህን የሠራነው ቡና ላይ ነው። ጅማ ላይ ሰው ለማግኘት ስብሰባ አይጠራም፤ ቡና ይፈላል። በሦስት ቤት ቡና ሃያውን ቤት ጨረስነው። በዝርዝሩ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ያልተመዘገቡት ሰነፎቹ አልነበሩም። ተከራዮች ናቸው። በየግቢው ጓሮ፣ በየሰርቪሱ የሚኖሩ። «እኛ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለንም» ብለው ያስባሉ። ስድስት ወር ከሞላችሁ ናችሁ! ከነሱ ቀጥሎ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ከነሱ ቀጥሎ ከንጋት እስከ ማታ መንገድ ላይ የሚውሉ የባጃጅ ልጆች። እያንዳንዱ ችግር የተለየ መፍትሔ አለው። ለሠራተኛዋ አሠሪዋን ነው የምታናግሩት፤ «እትዬ፣ ልጅቷን ለሁለት ሰዓት ይልቀቋት፣ እኔ ቤቱን አይልዎታለሁ»። ለባጃጁ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ አብራችሁት ትሄዳላችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያላችሁ ደግሞ ጉዳያችሁ ለብቻ ነው። ሕጉ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች፣ ለወታደሮችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ይፈቅዳል። ግቢያችሁ ውስጥ ይከፈት አይከፈት ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ዕድርን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። የዕድር ዝርዝር ለማስታወስ ይጠቅማል። ጥሩምባ ነፊው ሲዞር «ምዝገባ አርብ ያልቃል» ቢል ማንም አይጎዳም። «ዕድራችን እገሌን ይደግፋል» ከተባለ ግን ዕድሩ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ላይ እንኳን አብራችሁ አትቀመጡም። ደግሞ ጎረቤትን ማስታወስና የመራጮች ትምህርት ሰጪ ሆኖ መንቀሳቀስ አንድ አይደሉም። በድርጅት ስም አዳራሽ ይዛችሁ ልታስተምሩ ካሰባችሁ ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

4. ቅስቀሳው ሲመጣ

በ2013 የቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን ሰኔ 9 ነበር። ያን ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የማጠቃለያ ቅስቀሳቸውን ያደረጉት እዚሁ ጅማ ስታዲየም ነው። ከተማው ሙሉ ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው መድረክ ለመዝፈን፣ ለማጨብጨብ፣ ለማየት ነው። ስለ ዲች የሚጠየቅበት አይደለም። ያንን እዚያ የሚሞክር ሰው ድምፁም አይሰማም።

ጥያቄ የሚጠየቀው ትንሹ ስብሰባ ላይ ነው። የቀበሌ አዳራሽ፣ አምሳ ስልሳ ሰው የተቀመጠበት። ወይ እጩው ቤት ለቤት ሲዞር ደጃፍ ላይ። ለዚህ የተዘጋጀ ጥያቄ ይዛችሁ ጠብቁ። እኔ የምጠቀምባቸው አራት ናቸው።

አንደኛ፣ «ይህ ጉዳይ እርስዎ በሚወዳደሩበት ምክር ቤት ሥልጣን ሥር ነው?» እጩው ራሱ የማያውቅ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ሁለተኛ፣ «ገንዘቡ ከየትኛው በጀት ነው?» ሦስተኛ፣ «ከተመረጡ በኋላ የት እናገኝዎታለን? በዓመት ስንት ጊዜ እዚህ ይመጣሉ?» አራተኛ፣ «አሁን ያሉትን በጽሑፍ ይሰጡናል?»

አራተኛው ላይ ብዙዎች ይስቃሉ። አንድ እጩ ግን ያለ ምንም ማቅማማት ብዕር ተውሶ በደብተራችን ላይ ጽፎ ፈረመ። ያሸንፍ አያሸንፍ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ወደድኩት። መጻፍ የማይፈልግ ካለ እናንተው ጻፉ። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ «እንደዚያ አላልኩም» ሲባል ደብተሩ ይናገራል።

ቅስቀሳ ራሱ ሕግ አለው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይቀሰቀስም። የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት ነዳጅ፣ የመንግሥት የሥራ ሰዓት ለፓርቲ ቅስቀሳ አይውልም። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት የጽሞና ጊዜ አለ፤ በ2013 አራት ቀን ነበር። ያኔ ሞንታርቦው ዝም ይላል። ለድምፅ ተብሎ ዱቄት፣ ዘይት ወይም የሞባይል ካርድ የሚያድል ካለ አትቀበሉ። ማንነቱን፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ስለወጡ በብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች ወረቀቱ ላይ የነበረው ምርጫ ጠባብ ነበር። «አንድ ሰው ብቻ ካለ ምን እመርጣለሁ?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ልከኛ ጥያቄ ነው፤ ልከራከረው አልችልም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ ለብቻው የሚወዳደር እጩም ደጃፍህ ሲመጣ ዲቹን አሳየው። ተፎካካሪ የሌለው ሰው ጥያቄ ካልቀረበለት ምንም ሳይሰማ ነው የሚገባው።

5. የምርጫው ቀን

ሰኔ ላይ ከዋለ ዝናብ እንደሚኖር እወቁ። ጅማ ነው፤ ሰኔ ላይ ዣንጥላ ሳይዙ መውጣት ድፍረት ነው። ጣቢያው ጠዋት 12 ሰዓት ተከፍቶ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። በመዝጊያው ሰዓት ሰልፍ ላይ የነበረ ሰው ሳይመርጥ አይመለስም፤ «አልቋል፣ ሂዱ» የሚላችሁ ቢኖር አትንቀሳቀሱ። በ2013 ሰልፉ ስለበዛ ሰዓቱ ራሱ እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዝሟል።

ካርዳችሁንና መታወቂያችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። የፓርቲ ቲሸርትና ኮፍያ ቤት ይቅር። ለአረጋውያን በርጩማ ተሸክሞ የሚሄድ አንድ ጎረምሳ መድቡ። ነፍሰ ጡሮች፣ አራስ እናቶች፣ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ቅድሚያ አላቸው። አብዛኞቹ አፍረው አይጠይቁም። «እማማ ይቅደሙ» የሚል አንድ ሰው ሲኖር ሰልፉ ራሱ ይከፈታል። ማየት የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ያ ሰው ያየውን ለማንም አይናገርም።

ውስጥ ስትገቡ አትቸኩሉ። ለጨፌው ከአንድ በላይ እጩ የሚመረጥበት የምርጫ ክልል አለ። ስንት ምልክት ማድረግ እንደሚቻል አስፈጻሚዋን ጠይቁ፤ ከተፈቀደው በላይ ካደረጋችሁ ድምፃችሁ ዋጋ የለውም። ወረቀቱን አጥፋችሁ ክተቱ። ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ የለም፤ ምስጢር ነው።

ሠፈሩ ውስጥ የልጅ ጥበቃ ተረኛ ይኑር። እኛ በየሁለት ሰዓቱ እየተቀያየርን አንድ ግቢ ውስጥ ልጆቹን ሰበሰብን። ይህ ብቻ ስድስት እናቶችን አወጣ። ከአንድ ሰዓት ንግግር በላይ የሠራው ይህ ነው።

አንድ ነገር ካልተስተካከለ፣ ለምሳሌ ተመዝግባችሁ ስማችሁ ከጠፋ፣ አትጩኹ። በጣቢያው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ቅሬታው በጽሑፍ ይግባ፤ ቅጂውን ያዙ። ከዚያ ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በጩኸት የተነገረ ግን ከአዳራሹ አይወጣም።

6. ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት

ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይካሄዳል፤ የፓርቲ ወኪሎችና ፈቃድ ያላቸው ታዛቢዎች እያዩ። ሲያልቅ ውጤቱ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ጠዋት ሂዱና ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ዝናብ ሳያጥበው።

ተሳትፎን ስታሰሉ ከምን እንደምታካፍሉ ተጠንቀቁ። ምሳሌ ላምጣ። አንድ ጣቢያ ከ1,500 ያልበለጠ መራጭ ይይዛል። የእናንተ 1,200 መዝግቦ 960 ሰው መጣ እንበል። 80 በመቶ ነው፤ ያጨበጭቡለታል። ግን በአካባቢው ዕድሜው የደረሰ ሰው 2,000 ቢሆንስ? ያው 960 ሰው 48 በመቶ ይሆናል። ከግማሽ በታች! በ2013 በአገር ደረጃ 37 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመዝግቦ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጠ ሲባልም የተካፈለው ለተመዘገበው ነው። ውሸት አይደለም። ግን በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣ የዋለውን እኔን አይቆጥርም። በሃያው ቤት ደብተር ያለው ቁጥር ግን ይቆጥረኛል። ለዚህ ነው ደብተሩን አትጣሉት የምለው።

7. በጀቱ ሳይጋገር መድረስ

ምርጫው አለፈ። አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ገባ። የዲቹ ጉዳይ የሚጀምረው አሁን ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ «ዲች ይሠራልን» ካላችሁ እንጀራው ከምጣድ ወርዷል። ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ከየካቲት ጀምራችሁ ቀበሌውንና ማዘጋጃ ቤቱን መጎብኘት ጀምሩ። «ለሚመጣው ዓመት የኗሪ ውይይት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ውይይቱ ሲጠራ ከሃያው ቤት ቢያንስ አምስት ሰው ይሂድ። አንድ ሰው ተነስቶ ሲናገር «የግል ችግር» ይባላል፤ አምስት ሰው ሲናገር ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል። ስብሰባው ሳይበተን ቃለ ጉባኤ ያዡን «ወንድሜ፣ የኛን ዲች ጻፍከው?» በሉት። ልጁ ቢስቅም ይጽፈዋል።

የተጸደቀ በጀት ለሕዝብ እንዲለጠፍ የተለመደ አሠራር አለ። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ እዩ። ሰንጠረዡ መጀመሪያ ያደናግራል። ደመወዝና የሥራ ማስኬጃውን እለፉት፤ «ካፒታል» የሚለው ሥር ሂዱ። መንገድና ጎርፍ መውረጃ የሚገኘው እዚያ ነው። የእናንተ ሰፈር ስም ከሌለ የለም ማለት ነው። ቃል ተገብቶ ነበር ማለት አይጠቅምም።

ሥራ ሲጀመር ደግሞ ታፔላውን ፈልጉ። የአሠሪው ስም፣ የተቋራጩ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበታል። ፎቶ አንሱት። ታፔላ ነፋስ ይጥለዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ፎቶው ግን ስልካችሁ ላይ ይቆያል። ታፔላ ያልተተከለ እንደሆነም «ታፔላው የት አለ?» ራሱ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ለኮብልስቶን ወይም ለዲች ከኗሪ መዋጮ ከተሰበሰበ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትስጡ። የሰበሰበው የራሳችሁ ሰፈር ኮሚቴ ቢሆንም። በተለይ የራሳችሁ ኮሚቴ ከሆነ። ግልጽነትን ከማዘጋጃ ቤት ጠይቀን የኛን ገንዘብ ያዥ «ጋሼ ናቸው፣ ይታመናሉ» ብለን ካለፍን ማንም አይሰማንም።

8. ደብዳቤው

አሁን ወደ ዋናው። በቃል የተጠየቀ በቃል ይመለሳል፤ «ነገ ተመለሱ» ይባላል። የተጻፈ ግን ቀን ይቆጥራል።

የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚባል ሕግ አለ። የሚዲያው ክፍል በኋላ በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን በሥራ ላይ ነው። የፌዴራልም የክልልም መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከከለከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣሉ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ቢጠይቅ ኃላፊው ራሱ ይጽፍለታል። የኮፒ ዋጋ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

የኛ ደብዳቤ ይህን ይመስል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በሰፈራችን ከአስፋልቱ እስከ አዌቱ ወንዝ ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚመለከቱ የሚከተሉት መረጃዎች እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን። 1ኛ/ በዚህ በጀት ዓመት ለቦዩ የተያዘ በጀት ካለ መጠኑ፤ 2ኛ/ ሥራው ለተቋራጭ ተሰጥቶ ከሆነ የውሉ ቅጂ፤ 3ኛ/ ሥራው የሚሸፍነው ርዝመትና የሚጠናቀቅበት ቀን።»

ሦስት ነገር ብቻ። ወቀሳ የለም፣ «ለዓመታት ስንሰቃይ» የለም። ልባችሁ ቢቃጠልም አታስገቡት። ደብዳቤው ላይ ስሜት ካለ መልሱም ስለ ስሜቱ ይሆናል።

ደብዳቤውን በኦሮምኛ አስጽፉት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ የሚጽፍ ጎረቤት ከሌላችሁ ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሂዱ። እኛ የሰፈሩን ተማሪ ነው ያስቸገርነው፤ ክፍያው አንድ ስኒ ቡና ነበር።

ከዚያ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። ኃላፊው ጋ አትሂዱ፤ መጀመሪያ መዝገብ ቤት። ጸሐፊዋ አንዱን ትወስዳለች። ሌላው ላይ ማህተም ታሳርፋለች፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ትጽፋለች። እኛ ስንሄድ «ቅጂ ምን ያደርግላችኋል?» አለችን። አብረውኝ የነበሩት እትዬ፣ የረከቦቷ ባለቤት፣ ረጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ እኔ እረሳለሁ፤ ወረቀቱ አይረሳም» አሏት። ፈገግ ብላ መታችው። ጧ የሚለው ድምፅ እስካሁን ደስ ይለኛል።

30ኛውን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ። ካለፈ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤቱታ አስገቡ፤ ይህም በሁለት ኮፒ። ከዚያ ወዲያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ የዚህን አዋጅ አፈጻጸም የሚከታተለው እሱ ነው። ከሱም በኋላ ፍርድ ቤት። ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ አይደርስም። የገቢ ቁጥር ያለው ወረቀት ይዞ በጨዋ ደንብ የሚመላለስ ሰው ያሰለቻል፤ መሰልቸት ደግሞ ሥራ ያሠራል።

ጎን ለጎን የከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጉባኤው መቼ እንደሚካሄድ፣ ኗሪ ገብቶ መታዘብ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ይህንን ጠቅሳችሁ መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

የኛ መልስ በ26ኛው ቀን መጣ። ግማሽ ገጽ። በጀት የተያዘው እስከ ወፍጮ ቤቱ ላለው ክፍል ብቻ ነው ይላል። ተናደድን፤ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈ ነገር ይዘናል። ዲቹ አሁን እስከ ወፍጮ ቤቱ በድንጋይ ተገንብቷል፣ ክዳንም አለው። ከወፍጮ ቤቱ በታች ስድስት ቤት ይቀራል፤ የእትዬ ቤት ሦስተኛው ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ገብቷል። ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው።